ማጀቴ ድረስ የሚያደርስ መኪና

ማስታወቂያውን የላከችልኝ እህቴ ናት፣ በቴሌግራም። «ፕራዶ፣ 2003 ሞዴል፣ ናፍጣ፣ ማንዋል፣ ቤተሰብ የያዘው፣ ሞተሩ ያልተነካ፣ ዋጋው መጠነኛ ድርድር አለው።» ከሥሩ ስምንት ፎቶ። በስምንቱም መኪናው ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ጎማው ሳይቀር ቅባት ተቀብቷል። ቀጥላ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ይሄ ማጀቴ ድረስ ይሄዳል?»

እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ፣ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኤክሴል ነው። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ጋራዥ ብዬ ዓምድ ሠራሁ። በዓመት ስንት ጊዜ ማጀቴ እንደምንሄድ ቆጠርኩ፦ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ እናታችንን ሲያማት። ከስድስት አይበልጥም። ስድስቱንም ጊዜ መኪና በኮንትራት ብንይዝ ወጪው ለፕራዶው ከምናወጣው ጋር አይወዳደርም። ሒሳቡ አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ መልሱ «አትግዙ» ነው።

እህቴ ፋይሉን ከፍታ አየችና ደወለች። «ያቺን ሌሊት የትኛው ዓምድ ውስጥ ነው ያስገባሃት?» አለችኝ።

ያቺ ሌሊት ማለት ባለፈው ክረምት እማዬን ሆዷን የያዛት ሌሊት ናት። ዝናብ ነበር፣ መብራትም የለም። ጎረቤቶቿ ቃሬዛ አዘጋጅተው ከቤት አወጧት፤ መኪና ያለው ሰው ሲለመን በጨለማ አልወጣም አለ፣ አይፈረድበትም። እዚያው ሰው ቤት አሳርፈዋት እስኪነጋ ተጠበቀ። ጠዋት በአይሱዙ ጋቢና ወጣች፣ ደብረ ብርሃን ደረሰች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ተረፈች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ከመያዝ በቀር ያደረግኩት ነገር የለም። ይቺ ሌሊት በኤክሴል ውስጥ ቦታ የላትም፤ እህቴ ልክ ናት።

ስለዚህ ፋይሉን ዘጋሁና ሌላ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ወደዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ በምን ሲደርስ ነበር? ማንስ ነበር የሚደርሰው?

ቦታውን ለማታውቁት፦ ማጀቴ በሰሜን ሸዋ፣ በአንጾኪያና ገምዛ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን ታልፉና ጣርማበር ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ ጉሙ መስኮት ያንኳኳል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና በኩል ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን ካለፋችሁ በኋላ ካራቆሬ አካባቢ ማጀቴ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ሥር ገባ ብላ ትገኛለች። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ብቻ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። የዚህ አገር የመጓጓዣ ታሪክ ከዚህ ቁጥር ነው የሚጀምረው።

የይፋት ስም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው በንግድ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የሲራራ ንግድ መስመር ይዞ ነበር ኃይለኛ የሆነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከታጁራ የሚነሳው ቅፍለት በአፋር በረሃ አቋርጦ አንኮበር ሥር ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ጭኖ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ግጥም ከተወ በኋላ ለምኒልክ ሊሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1887 አንኮበር የገባውም በዚሁ ነው።

እኔን የያዘኝ ነገር ግን የተጓዡ ስም አይደለም፣ የጭነቱ አያያዝ ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣው ግመል ደጋ አይወጣም። ብርዱም፣ ገደሉም፣ ድንጋዩም አይስማማውም። በቅሎና አህያ ደግሞ የበረሃውን ውኃ ጥም አይችሉም። ስለዚህ ተራራው ሥር ሲደረስ ጭነቱ ከግመል ይወርዳል፣ አሞሌው ይቆጠራል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። አልዩ አምባን ገበያ ያደረጋት ይሄ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ሁለት ዓይነት እንስሳ የሚገናኙበት ቦታ ነበረች። ለዘመናት በይፋት ቆላውንም ደጋውንም አንድ ላይ የሚችል መጓጓዣ ኖሮ አያውቅም። ነጋዴውም አልፈለገውም። ሁለት አድርጎ ነበር የሚያስበው።

በቅሎዋ የዚያ ዘመን የቤተሰብ መኪና ነበረች፦ ትልቅ ሰው ይቀመጥባታል፣ ሙሽራ ይሄድባታል፣ ገደሉን ትችላለች። ዋጋዋም ያንኑ ያህል ነው። ገዢው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሳል፣ ወዲያና ወዲህ አስረግጦ ያስኬዳታል። ሻጩም የዛሬው ደላላ አያት ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የዞረ ሰው ይቺን ተረት በደንብ ያውቃታል። ማን ነበር የያዘው ብላችሁ ስትጠይቁ ስለ አባቱ የሚነግራችሁ የለም። «ከኤምባሲ የወጣ ነው» ይሏችኋል። አጎቱ ኤምባሲ ነው ማለት ነው።

መኪና ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ የገባው መኪና አልነበረም፣ መንገድ የሚደመድመው ማሽን ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያመጣው ባለ እንፋሎት ሮለር «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቅደም ተከተሉ ደስ ይለኛል፦ መጀመሪያ መንገድ፣ ቀጥሎ መኪና። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባል መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ አስገባ። መንገድ ስላልነበረ ጉዞው ከመንዳት ይልቅ መግፋትና መጎተት የበዛበት ነበር። ምኒልክ መኪናውን ወደዱት። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት መኪና ማለት ቤተ መንግሥት፣ ሌጋሲዮንና ጥቂት ባለጸጋ ማለት ነበር፣ ያውም አዲስ አበባ ዙሪያ። ለይፋት ገበሬ ያው በቅሎ ነው።

ያንን ተራራ በጎማ ያስወጣው ጣልያን ነው። በአምስቱ ዓመት ወረራ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ ሠራ፣ ጣርማበር ላይም ተራራውን በዋሻ በሳው። ዋሻው በሙሶሎኒ ስም ይጠራ ነበር። የተሠራው ለጦር ካሚዮን እንጂ ለእኔ እናት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፣ የተሠራበትም ጉልበት በደስታ የተሰጠ አይደለም። ግን ዛሬም እዚያ ስናልፍ መብራት የምናበራው እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው።

ጣልያን ከወጣ በኋላ መካኒኮቹ ብዙዎቹ ቀሩ፣ ቋንቋቸውም ቀረ። ባለፈው ወር ለእህቴ መኪና ስንዞር አብሮኝ የሄደው መካኒክ ጣልያንኛ አይችልም፤ አንድ ቃል አታስተምረኝ ይላል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ እንዲህ አለኝ፦ «ቴስታታው ተከፍቷል፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ደክሟል፣ ካምቢዮው ይሰማሃል? ኩሽኔታው እያለቀ ነው፣ ማርሚታውም ተበየደ።» ጎማ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ሰልባትዮ፣ ክላክስ፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ናቸው። መኪናው የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ሊብሬም፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎም እንዲሁ። ጃፓን የሠራችውን መኪና፣ በአማርኛ እየተከራከርን፣ በጣልያንኛ እንመረምራለን። ሾፌርና ጋራዥ ግን ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አንድ ዓመት አለ፣ ሳነበው ቁጭ ብዬ ደግሜ ነው ያሰብኩት። 1943 ዓ.ም.። በመስከረም 1943 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ብድር ፈቀደ፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ሲሆን ከገንዘቡ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጣልያን ሠርቶት ጦርነት ያፈራረሰውን መንገድ የሚጠግን መሥሪያ ቤት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደ ኮሪያ ዘመቱ። ከኮሪያ ባሕር ማዶ ደግሞ ቶዮታ የሚባል፣ ከአንድ ዓመት በፊት ሊከስር አፋፍ ላይ የነበረ ፋብሪካ፣ የአሜሪካ ጦር ለዚያው ጦርነት ባዘዘው ካሚዮን ነፍስ ዘራ። ያኔ ነው ቢ ጄ የተባለችውን ባለ አራት ጎማ ጉልበት ጂፕ የሠራት። በሐምሌ 1943 ነጂዋ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣባት። እ.ኤ.አ. በ1954 ስሟ ላንድክሩዘር ሆነ፤ ጂፕ የሚለው ስም የሌላ ስለነበር፣ የእንግሊዙን ላንድሮቨር የሚስተካከል ስም ተፈልጎ።

የእኛ ወታደሮች የተዋጉበት ጦርነት የወለደው መኪና፣ በዚያው ዓመት በተበደርነው ገንዘብ በተጠገነ መንገድ ላይ በኋላ ይመጣል። ሆን ተብሎ የተገጣጠመ ነገር የለበትም። እኔ ግን ፕራዶውን ካየሁ በኋላ ነው ይሄን ያነበብኩት፣ ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት ተገጣጥሟል።

ማጀቴ ራሷ ዓለም አቀፍ መጽሐፍ ላይ የሰፈረችው በመኪና ሳይሆን በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ ከባድ ርዕደ መሬት ደረሰ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያን ይመራ የነበረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያ ርዕደ መሬት ታሪክ ውስጥ ዘግቦታል፦ ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ ክፉኛ ተጎዳች፣ የአዲስ አበባ አስመራ አውራ ጎዳና ተሰነጠቀ፣ በናዳም ተዘጋ። በልጅነቴ ትልልቆቹ «መሬቱ የተንቀጠቀጠ ጊዜ» እያሉ ዕድሜ ሲቆጥሩ እሰማ ነበር፤ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ይሄ ለመኪና ገዢ ምኑ ነው? ብዙ ነው። ያ ቁልቁለት ዝም ብሎ ተራራ አይደለም፣ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። መሬቱ እየተላቀቀ የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው መንገዱ የተሰፋው። ለዚህ ነው ክረምት በመጣ ቁጥር አንዱ ጋ የሚናደው፣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ድልድይ የሚፈትነው። ከዋናው መንገድ ወደ ማጀቴ የሚገባውም ክረምትን አይወድም። «ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል» የምንለው ሐረግ ውስጥ ይሄ ሁሉ ጂኦሎጂ አለ። ከመኪናው ሆድ እስከ መሬት ያለውን ያን ሁለት ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ነው በሚሊዮን ብር የምንገዛው።

ከላንድሮቨሩ ዘመን በፍጥነት ልለፍ። በንጉሡ ጊዜ ፖሊስ፣ የወባ መከላከያ፣ የእርሻ ልማት ሠራተኛ የሚመጣው በላንድሮቨር ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ የሶቪየቷ ዋዝ መጣች፤ ቆላ ውስጥ የዋዝ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ወይ ወታደር ነው ወይ ካድሬ፣ ወጣት የሆነ ሁሉ ወደ ጫካ ዘወር ይላል። ይሄን የነገረኝ አጎቴ ነው፣ ዘወር ካሉት አንዱ እሱ ስለነበር።

1977 ላይ ግን መቆም አለብኝ። ረሃቡ ወሎን ብቻ አልነበረም የመታው፤ የአንጾኪያ ሸለቆም የእርዳታ ጣቢያ ሆኖ ነበር፣ ወርልድ ቪዥን እዚያ ምግብና ሕክምና ይሰጥ ነበር፣ ከረሃቡም በኋላ ለዓመታት በልማት ሥራ ቆየ። የእርዳታ ድርጅቶች የመጡት በነጭ ላንድክሩዘር ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ናት። ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም፤ ከምታወራው ጥቂት ነገር አንዱ ነጩ መኪና ነው። ሲመጣ ሕጻናቱ እንደሚሮጡ፣ አቧራው ሳይረጋ ሰዉ እንደሚሰለፍ። ያ መኪና የመጣበት ቀን የሚበላበት ቀን ነው። የማይመጣበት ምክንያት ደግሞ፣ ዝናብ ይሁን ጦርነት ይሁን ትእዛዝ፣ ለልጅ አይገለጽም።

እንግዲህ ትልቅ መኪና በአገራችን እንዲህ ነው የተሳለው። ወይ የሚያስፈራ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ወይ የሚበላ ነገር። የራሳችን ሆኖ አያውቅም። ከ1983 በኋላም ይሄ ሥዕል ብዙ አልተለወጠም፣ ቀለሙ ነው የተለወጠው። ጥቁር ሰሌዳ ያለው የመንግሥት ነው፤ ቪ ኤይት ስንል ሞተሩን ማለታችን አይደለም፣ ውስጡ የተቀመጠውን ባለሥልጣን ነው። የተባበሩት መንግሥታት፣ ኤምባሲው፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቱ የየራሳቸው ሰሌዳ አላቸው፣ ከቀረጥ ነጻ ነው ያስገቡት። ለግለሰብ ሰማያዊዋ ኮድ 2 ናት፣ በሰማያዊዋ ላይ ደግሞ ቀረጡ አለ።

ቀረጡን እስቲ አብረን እናስላ፣ ይሄ የእኔ ሙያ ነው። ከ1,800 ሲሲ በላይ ሞተር ያለው መኪና ወደብ ላይ 100 ብር ነው እንበል። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመር 135። 100 በመቶ ኤክሳይዝ ሲመጣ 270። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 310 ከ50። በዚያ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 341 ከ55። ታክሱ በታክሱ ላይ ነው የሚሰላው፤ ፕሮግራም ስጽፍ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ስህተት ነው ብዬ አስተካክለዋለሁ፣ እዚህ ግን ሕግ ነው። ይሄ ለአዲስ መኪና ነው። በየካቲት 2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገለውን በዕድሜው መቅጣት ጀመረ፤ ከ7 ዓመት በላይ የሆነው ትልቅ ሞተር ኤክሳይዙ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። ያንኑ ሒሳብ በ500 ብትደግሙት 100 ብሩ 1,024 ይሆናል። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም፦ አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ ይጋጫል፣ መለዋወጫ ዶላር ይበላል። ከዚያ በፊት አገሩ የአሮጌ መኪና መጣያ ሆኖ ነበር የሚለውም ውሸት አይደለም።

ከዚያ በሩ እየጠበበ ሄደ። በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች አንዱ የቤት መኪና ሆነ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር መኪና እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ ዶላር ወደ ላይ ተተኮሰ። እነዚህን ሦስት ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጡና እህቴ የላከችልኝን ማስታወቂያ እንደገና አንብቡ። የ2003 ፕራዶ ዛሬ የሚወዳደረው ከአዲስ ፕራዶ ጋር አይደለም፣ ምክንያቱም አዲስ የለም። አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። አንዱ በተጋጨ ቁጥር አንድ ይጎድላል፣ አካሉ ሶማሌ ተራ ተበትኖ ሌላውን ያኖራል። በሌላ አገር መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፣ እዚህ ባለቤቱ እየነዳው ይከብራል። ሻጩ «መጠነኛ ድርድር» ያለው ለዚህ ነው፤ እሱ መኪና የሚሸጥ አይመስለውም፣ መሬት የሚሸጥ ነው የሚመስለው።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ አትገዙም?» የሚል ጓደኛ አለኝ፣ መሥሪያ ቤታችን ግማሹ እንዲህ ነው የሚያስበው። በ2014 ኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረገ፣ ተገጣጥሞ የመጣው ቀረጡም 15 በመቶ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አዲስ አበባ በቢ ዋይ ዲ እና በአይዲ ተሞልታለች። አይዲ ሲክስ የቤተሰብ መኪና ነው፣ ቁመቱም ጥሩ ነው። ሰዉ የሚፈራው ጣርማበርን መውጣቱን ነው፣ እኔ ግን አሰላሁት፦ 2,700 ኪሎ የሚመዝን ከነሰዉ የተጫነ መኪና 1,800 ሜትር ከፍ ለማለት የሚፈልገው ተጨማሪ ጉልበት 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ትልቁ የአይዲ ሲክስ ባትሪ 84.8 ይይዛል። ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን እየያዘ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የሸተተው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዳገቱ አይደለም ችግሩ። ችግሩ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተነድቶ ከተደረሰ በኋላ ነው። እማዬ የታመመችበት ሌሊት መብራት አልነበረም ብያችኋለሁ። ናፍጣም ይጠፋል፣ ግን በጀሪካን ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ በጀሪካን አይቀመጥም።

አጎቴን ደግሞ ስልክ ደውዬ ጠየቅኩት፣ ማጀቴ ነው የሚኖረው፣ ያው በዋዝ ዘመን ዘወር ያለው።

«ጋሼ፣ ትልቅ መኪና ልንገዛ ነው።»

«ለምን?»

«ለእማዬ ነው እንጂ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ትልቅ መኪና ዓይን ይስባል፣ የኔ ልጅ። መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል?» አለኝ።

አውቀዋለሁ። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል መንገዱ ተዘጋ። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ማጀቴ ራሷ የውጊያ ቦታ ሆነች፣ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱባት። ባለ አራት ጎማ ጉልበቱ ጭቃ ያልፋል፣ ኬላ አያልፍም። መኪና ያለው ሰው በመንገዱ ላይ ከሚሄደው ሰው የበለጠ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ። ይሄንን ዓምድ ኤክሴል ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ፣ ምን ቁጥር እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ባዶውን ተውኩት።

እዚህ ላይ ነው የአልዩ አምባ ነገር ወደ አእምሮዬ የመጣው፣ ለእህቴም በኩራት ያቀረብኩላት። የድሮ ነጋዴ ቆላውንና ደጋውን የሚችል አንድ እንስሳ አልገዛም አልኳት። ግመሉን ለቆላ፣ በቅሎዋን ለደጋ። እኛም ለምን እንደዚያ አናደርግም? ማጀቴ ውስጥ ሂሉክስ ካለው ሰው ጋር በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየከፈልን እንስማማ፣ ሌሊትም ቢሆን እስከ አስፋልቱ ያድርስልን። ሰዉን ያውቀዋል፣ ኬላውን ያውቀዋል፣ መኪናውም የአገሩ ስለሆነ ዓይን አይስብም። ከአስፋልቱ በኋላ እኛ ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ትንሽ ቪትዝ ይበቃናል፣ ለከተማውም ትሆነናለች። በፕራዶው ዋጋ ሁለቱንም አድርገን ለሕክምናዋ ይተርፈናል። በበኩሌ አሁንም ቆንጆ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዘመናት የሠራ ሥርዓት ነው።

እህቴ ነርስ ናት፣ ደብረ ብርሃን ነው የምትሠራው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አሞሌ እኮ ሲወርድና ሲጫን አይቆስልም» አለች። «እማዬን በዝናብ፣ በጨለማ፣ ካራቆሬ መንገድ ዳር ከአንዱ መኪና አውርደህ ወደ ሌላው ስትጭናት ታየኝ። ያቺን ሌሊትም እኮ የጎዳት መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ማውረድና ማንሳቱ ነው። አንዴ ከተኛች እስከ ሆስፒታል በር መነሳት የለባትም።»

መልስ አልነበረኝም። የታሪክ ንባቤ ስለ ጨው፣ ስለ ጠመንጃና ስለ ጨርቅ ነበር፤ የታመመ ሰው በዚያ መንገድ እንዴት ይወሰድ እንደነበር አንድም ቦታ አላገኘሁም። በቃሬዛ ነበር የሚሆነው። በሰው ትከሻ፣ በየመንደሩ ሰው እየተቀያየረ። ቆላውንም ደጋውንም አንድ ላይ የሚችለው መጓጓዣ እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ልናየው ቀጠሮ ይዘናል። መካኒኩ ይመጣል፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እናመሳክራለን፣ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን፣ እዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን እናጣራለን፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ እንዳይሆን የፔዳሉን ላስቲክ አልቆ እንደሆነ እናያለን። ከተስማማን ሰኞ ውልና ማስረጃ ነው። አጎቴ ትናንት ማታ መልሶ ደወለ፣ አሁንም አልወደደውም፣ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ የኋላ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል ወይ? ማጀቴ ያለው ቃሬዛ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ እንዲለካልኝ ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት በስንዝር ለክቶ በጽሑፍ መልእክት ላከልኝ፣ አሥር ስንዝር ይላል። የእሱ ስንዝር ከእኔ ይረዝማል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ።